የምቾቴ አውራ ጣት

ሰፈሩ ሁሉ «ምቾቴ» ነበር የሚለው። እናትና አባቱ ያወጡለት ስም እንደነበረው አያጠራጥርም፤ ግን ከእሱና ከመታወቂያው በቀር የሚያስታውሰው አልነበረም። ሥራው የመኪና ወንበር ማልበስ ነው። ጎኑ የተቀደደ፣ ስፖንጁ ያለቀ፣ ሽቦው ወጥቶ ነጂውን የሚወጋ ወንበር እሱ ዘንድ ይገባና ሙሽራ መስሎ ይወጣል። ባለታክሲዎች «የምቾቴ ወንበር ላይ የተቀመጠ ተሳፋሪ እንቅልፍ እየጣለው መውረጃውን ያልፋል» ይላሉ። ይህን የሚሉት ሊያሙት ይሁን ሊያመሰግኑት እነሱም አልለዩትም፤ እሱ ግን በምስጋና ነው የወሰደው።

መለኪያው አውራ ጣቱ ነበር። ማንኛውንም ወንበር ከማየቱ በፊት ይጫነዋል። ጣቱ ቀስ ብሎ ሰምጦ ቀስ ብሎ ሲመለስ ፊቱ ይፈካል። አልሰምጥ ካለው «ይሄ ወንበር ነው ወይስ የደጅ ደረጃ?» ይላል። እንግድነት ሄዶ እንኳ ሶፋውን በጣቱ ሳይጫን አይቀመጥም። ሚስቱ በሕይወት ሳለች በዚህ የተነሳ በክርኗ ያልጎሸመችው ጎኑ የለም።

አንድ ሴት ልጅ ብቻ አለችው። እሷም ወልዳ ለመሳም ለዓመታት ስትጠብቅ ኖራ፣ መጠበቁን በተወች ማግስት ሴት ልጅ ወለደች። ምቾቴ ማስቲሽ የነካውን እጁን በቅጡ ሳይታጠብ ሆስፒታል ደረሰ፤ ከበር መልሰው አስታጠቡት።

«አንገቷን ይደግፉ አባባ፤ ጭንቅላቷን መሸከም ገና አልቻለችም» አለችው አዋላጇ፣ ሕፃኗን እጁ ላይ ስታስቀምጥ።

መዳፉን ከማጅራቷ ሥር አስገባ። አውራ ጣቱ ሳያዘው ወደ ላይ ተንሸራተተና አናቷ ላይ፣ አጥንቱ ገና ያልገጠመበት ቦታ አረፈ። እርግብግቢቷን ነካ። ትር ትር ይላል። ምቾቴ በዘመኑ ያልነካው ለስላሳ ነገር አለ ብሎ አያምንም ነበር፤ ከፋይ ነክቷል፣ ሐር ነክቷል፣ የበግ ሱፍ ነክቷል። ያን ቀን ሁሉም ሸካራ ሆኑበት። ጣቱን እሳት እንደነካ ሰው ብድግ አደረገው።

«ይሄን የመሰለ ነገር እንዴት ሳይከደን ይተዋል?» አለ። አዋላጇ የቀልድ መስሏት ሳቀች፤ እሱ ግን ከአንጀቱ ነበር የጠየቀው።

ስም እስኪወጣላት ድረስ «ሚጢጢ» አላት። ከወጣላትም በኋላ ሚጢጢ ማለቱን አልተወም፤ እዚያ ቤት ስም የሚበረክት ነገር አይደለም። በዚያው ቀን በልቡ ማለ። ይህችን ልጅ የሚነካ ነገር ሁሉ ለስላሳ ይሆናል፤ ለስላሳ ካልሆነም እሱ ያለሰልሰዋል።

የእናቲቱ የወሊድ ፈቃድ ሊያልቅ ሲል ሚጢጢ ቀን ቀን የምትውልበት የሕፃናት ማቆያ ተገኘ። የምቾቴ ወርክሾፕ ካለበት መንገድ ማዶ ነው። ጠዋት በመኪናው ወስዷት፣ ማታ አምጥቷት እንዲመላለስ ተነጋገሩ። ምቾቴ ከዚህ ሌላ ከዓለም የሚፈልገው ነገር አልነበረም። ገና ነገሩ ሳይቆረጥ የመኪናዋን የኋላ መቀመጫ ፈትቶ እንደ አዲስ አለበሰው፤ ወለሉ ላይ እንኳ በእጁ የሰፋውን ምንጣፍ አነጠፈ።

አማቹ፣ የልጁ ባል፣ የአምቡላንስ ነጂ ነው። ሥራ ላይ ያየውን ቤት ይዞ የማይገባ፣ ቃል እንደ መድኃኒት በማንኪያ የሚሰጥ ሰው።

«ደስ ይለኛል አባባ» አለ። «ግን የልጅ ወንበር ሳይኖር አይሆንም።»

«የምን ወንበር? የሚያቅፋት ሰው ከኋላ እናስቀምጣለን። እቅፍን የመሰለ ወንበር የት ይገኛል?»

«በመንገድ ፍጥነት እየሄድን ብንጋጭ አምስት ኪሎ ልጅ አምስት ኪሎ አትሆንም። ያቀፋት ሰው ሦስት ጆንያ ሲሚንቶ በክንዱ ሊይዝ ነው።»

ምቾቴ ሳቀ። «አይ አንተ! ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ይቺኑ ሚስትህን ታቅፋ ከፊት ተቀምጣ፣ ውሻ ገብቶብኝ ፍሬን ይዤ፣ ምን ሆነች? ክንዷ ዳሽቦርዱን መትቶ ጠቆረ፤ ሚስትህማ ትስቅ ነበር! እኔ በእግሬ ፍሬን ስይዝ እሷ በክንዷ ያዘች እያልን ስንት ዓመት ሳቅንበት።»

ልጁም ሳቀች፤ ይህ ወሬ ቤታቸው ውስጥ ያደገ ወሬ ነው። አማቹ ብቻ አልሳቀም። በማግስቱ ምቾቴ በግንባታ ዕቃ መሸጫው በር ሲያልፍ ቆም ብሎ የሲሚንቶውን ክምር አየ። ከዚያ ራሱን ነቅንቆ መንገዱን ቀጠለ።

ጎረቤት «የእኛን ውሰዱ፣ ልጆቹ አድገዋል» ብሎ ነበር። አማቹ ተጋጭቶ ያውቅ እንደሆነ ጠየቀ፤ ጎረቤት መኪናውን ከነወንበሩ ከሌላ ሰው እንደገዛው ተናገረ። «አመሰግናለሁ፤ ተጋጭቶ ከሆነ ግን አይታመንም» ብሎ አማቹ ተወው። ምቾቴ ይህን እንደ ኩራት ቆጠረበት።

ሱቅ ሲሄዱ ምቾቴ ለሻጯ ሰላምታ ሳይሰጥ ከጫፍ ጀምሮ ወንበሮቹን እየተጫነ ሄደ። አንዱ ጋ ሲደርስ ጣቱ እስከ አንጓው ሰመጠ። ከፋይ የለበሰ፣ ራስጌው ላይ የድብ ጆሮ የተሰፋለት ወንበር ነው። «አገኘሁት!» ብሎ ጮኸ።

አማቹ ደግሞ ሻጯን ይጠይቃል፤ ከስንት ኪሎ እስከ ስንት ኪሎ ነው፣ ቁመቷስ፣ ፊቷን ወደ ኋላ አድርጎ እስከ መቼ ያስኬዳል። «መኪናችን ላይ ሞክረን ማየት እንችላለን?» አላት በመጨረሻ።

ይዘው ወጡ። ባለ ድብ ጆሮውን በምቾቴ መኪና ላይ በቀበቶ ቢያስሩት ቢያስሩት እንደ ወለቀ ጥርስ ተወዛወዘ። ሌላ አመጡ፦ ግራጫ፣ ጌጥ የሌለው፣ ጎንና ጎኑ ድርቅ ያለ። አማቹ በጉልበቱ ተጭኖ ቀበቶውን ሲስበው ከመቀመጫው ጋር አንድ ሆነ። ይዞ ቢነቀንቀው መኪናዋ ተነቃነቀች እንጂ ወንበሩ አልተነቃነቀም።

«ያኛው ውዱ አይደል? ውድ ከሆነ ይሻላል ማለት ነው» አለ ምቾቴ።

«የሚሻለውማ ለልጅቷ ልክ የሆነው ነው ጋሼ፤ መኪናዎ ላይ የሚጠብቀው፤ ደግሞ በየቀኑ ሳትሰለቹ በትክክል የምታስሩት» አለች ሻጯ።

«ይሁን። ግን ገልብጣችሁ ነው ያሰራችሁት። አዙሩት።»

«ልክ ነው አባባ፤ ፊቷ ወደ ኋላ ነው የሚሆነው» አለ አማቹ።

«ምን? ገና አፏን ሳትፈታ ለአያቷ ጀርባዋን ልትሰጥ? እኛ ቤት ለታላቅ ጀርባ መስጠት የተማረ ልጅ የለም!»

ሻጯ አፏን በእጇ ያዘች። አማቹ ግን በትዕግሥት «ጭንቅላቷ ከሰውነቷ አንጻር ከባድ ነው፤ አንገቷ ገና ለጋ ነው። ድንገት ስንቆም ወንበሩ ጀርባዋን በሙሉ ይቀበላታል። ፊቷ ወደ ፊት ከሆነ ያን ሁሉ ጭንቅላት የሚይዘው አንገቷ ብቻ ነው» አለው። ይህን ያህል ቃል ባንድ ጊዜ ሲናገር ከሠርጉ ወዲህ ምቾቴ ሰምቶት አያውቅም። ግራጫው ተገዛ።

ምቾቴ ወንበሩን «አቧራውን ላራግፍለት» ብሎ ወርክሾፑ ወሰደው። አራገፈው፣ አዎ። ከዚያ በር ዘጋ።

ይህ ሰው አንድ ልማድ አለው። ደንበኛው ልጅ ከወለደና ለልጁ የመኪና ወንበር ከገዛ ምቾቴ በነጻ ትራስ ይሰፋለታል፦ ከልጁ ጀርባና መቀመጫ ሥር የሚገባ፣ ሦስት ጣት የሚወፍር ስፖንጅ፣ በሚያምር ጨርቅ የተለበጠ። ሰፈሩ ውስጥ የእሱ ትራስ የሌለበት የልጅ ወንበር ማግኘት ይቸግራል። ለሰው ልጅ እንዲህ ያደረገ ለሚጢጢ ምን ያደርጋል? ከፋዩን አወጣ። ስፖንጁን ደረበ። ትራሱ ሲወፍር ቀበቶው አልደርስ አለው፤ ለቀቅ አደረገለት። ወንበሩንም ፊቷን እንዲያይበት አድርጎ ወደ ፊት አዙሮ አሰረው። አውራ ጣቱን ተጫነ። ሰመጠ፤ ቀስ ብሎ ተመለሰ። ፊቱ ፈካ።

ልጁ ስታየው «አባዬ! እጅህ ይባረክ፣ ምን የመሰለ ነው!» ብላ አንገቱን አቀፈችው። ባሏ ሲመጣ ቀበቶውን በሁለት ጣቱ ቆንጥጦ አየው። ምንም ሳይል ወንበሩን ፈታና ትራሱን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

ምቾቴ ልቡ ቆሰለ። «እጄ አመድ አፋሽ ነው አልኩ እኔ!» አለ። «የሰው ልጅ ሁሉ የተኛበትን ትራስ የገዛ ልጄ ባል ይጥልብኝ?»

«አባዬ የሠራው ወንበር ተቀዶ አያውቅም» አለች ልጁ ወደ ባሏ ዞራ።

«ስለ መቀደዱ አይደለም» አለ ባሏ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «በዚህ ትራስ ከሆነ ሚጢጢን በመኪናዎ አልሰጥም አባባ። ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ።

ምቾቴ ኮፍያውን አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠ። «እንፈትነው!» አለ። «እኔ ሥራዬን ሳልፈትን አላስረክብም። እኔው ራሴ እነዳለሁ። ትራሴ ካሳፈረኝ ደግሞ ሁለተኛ አልናገርም።»

ያን ሰሞን አሻንጉሊት ሰፋ። ጠንካራ ሸራ ቆረጠ፣ አሸዋ ሞላ፣ ክንድና እግር አወጣ። ሚዛን አልፈለገም፤ በግራ ክንዱ ሚጢጢን፣ በቀኙ አሻንጉሊቱን ታቅፎ እኩል እስኪሆኑበት ድረስ አሸዋ ይጨምራል፣ ይቀንሳል። ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ በቅጡ ያስተዋለው፦ ጭንቅላቷ ምን ያህል የአካሏን ድርሻ እንደያዘ። አሻንጉሊቱንም እንደዚያው አደረገው። አንገቱን የሰፋበት ክር የጭነት መኪና ወንበር የሚሰፋበት፣ በሰም የታሸ፣ ድርብ ክር ነው።

«አባዬ፣ ፊት አትሥራለት» አለችው ልጁ። አልሠራለትም።

በእረፍት ቀን ከመጋዘኖቹ ጀርባ ያለው ሰፊ ግቢ ባዶ ነው። ልጁ ሚጢጢን ደረቷ ላይ አቅፋ ግድግዳው ጥግ ቆመች። ወንበሩ በምቾቴ አሠራር፣ ከነትራሱ፣ ፊቱ ወደ ፊት ሆኖ ታሰረ። አማቹ አንድ ነገር አልነካም፤ ከነጂው ጎን ተቀመጠና የራሱን ቀበቶ አሰረ። ምቾቴ መስታወቱን አስተካክሎ አሻንጉሊቱን አየው። ከፋዩ ውስጥ ተመቻችቶ ተቀምጧል።

«እይ እንግዲህ» አለ።

ሰፈር ውስጥ በሚነዳበት ፍጥነት፣ ከዚያ ሳያልፍ፣ ሄደ። የግቢው መሐል ሲደርስ ፍሬኑን ረገጠ።

ጎማው ጮኸ። የተቀመጠበትን ወንበር ከጀርባው አንድ ነገር ድው አድርጎ መታው። ከዚያ ሌላ ድምፅ መጣ፤ ቀጭን፣ የማያቋርጥ፣ ሽ የሚል። ምቾቴ መስታወቱን ቀና ብሎ አየ። ቀበቶዎቹ ባዶአቸውን ተንጠልጥለዋል።

ዞሮ ተመለከተ። አሻንጉሊቱ ወለሉ ላይ፣ ከእሱ ወንበር ጀርባ፣ በደረቱ ተደፍቷል። ጭንቅላቱ የወንበሩን ብረት መትቶ አንገቱ ላይ ያለው ስፌት ተከፍቷል። አሸዋው በእጁ በሰፋው ምንጣፍ ላይ ይፈስሳል።

«ያ ክር አይበጠስም» አለ ምቾቴ። «እኔ የሰፋሁት ነው። ያ ክር አይበጠስም እኮ።»

ልጁ ሮጣ መጣች። በመስኮቱ አየች። እጇን በሚጢጢ ዓይን ላይ አደረገች፤ ልጅቱ ግን ተኝታ ነበር። አሸዋው እስኪያልቅ ድረስ ሦስቱም ባሉበት ሆነው ሰሙት።

ምቾቴ ወርዶ የኋላውን በር ከፈተ። ክንዱን ዘርግቶ ትራሱን በአውራ ጣቱ ተጫነ። ሰመጠ። ቀስ ብሎ ተመለሰ። ፊቱ አልፈካም። ሥጋ ሲጫነው ስፖንጅ እንደሚተኛ ከእሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም፤ አዲስ ወንበር ለወሰደ ሁሉ «ሲቀመጡበት ይሰምጣል፣ አይደንግጡ» የሚለው እሱ ነው። ቀበቶው የጠበቀው በስፖንጁ ላይ እንጂ በአሻንጉሊቱ ላይ አልነበረም። ስፖንጁ ሲተኛ ቀበቶው አየር አቅፎ ቀረ። ዕድሜውን ሙሉ በጣቱ ጫፍ ያወቀውን ነገር፣ ያን ዕለት ገና በልቡ አወቀው። የመኪናዋን በር ያዘ።

ካፈርኩ አይመልሰኝ የሚሉ ሰዎች አሉ። ምቾቴ እንዲያ ማለት ይችል ነበር፦ ክሩ አርጅቶ ነው፣ ሸራው ውሽልሽል ነው። አላለም። ከኮቱ ኪስ መርፌ አወጣ፤ መርፌ ከኪሱ ተለይቶት አያውቅም። መሬት ላይ ተቀምጦ አሸዋውን በመዳፉ እየዛቀ መለሰ፣ አንገቱን እንደገና ሰፋ። ክሩን መርፌው ውስጥ ያስገባለት አማቹ ነው።

«አሁን አንተ እንደምታውቀው እሰረው» አለው።

ትራሱ ወጣ። ወንበሩ ፊቱ ወደ ኋላ ዞረ። አማቹ የትከሻውን ቀበቶ ሳበና «ቆንጥጠው ይዩት» አለ። ምቾቴ በሁለት ጣቱ ሊቆነጥጠው ሞከረ፤ ጣቱ እየተንሸራተተ የሚይዘው እጥፋት አጣ።

እንደገና ነዳ። ረገጠ። ጎማው ጮኸ፤ ከዚያ ሌላ ምንም ድምፅ አልነበረም። ዞሮ አየና አላመነም። ሳይጠይቁት ወደ ኋላ ተመልሶ ደገመው፣ በፊተኛው ላይ ፍጥነት ጨምሮ። የራሱ ደረት ቀበቶው ላይ ተሰነቀረ፣ ኮፍያው መስታወቱን መታ። አሻንጉሊቱ ግን ያሰሩት ቦታ ላይ፣ ያሰሩት ሆኖ፣ ጀርባውን ለወንበሩ ሰጥቶ ተቀምጧል።

ምቾቴ ከመኪናዋ ወርዶ በተከፈተው በር በኩል ተንበረከከ። ያን የናቀውን ግራጫ ወንበር በሠራተኛ ዓይን ማየት የጀመረው ያኔ ነው። ጎኑ ለምን እንደጎበጠ፣ ቀበቶው ለምን ከትከሻዋ ዝቅ ካለ ቀዳዳ እንደሚወጣ፣ መቆለፊያው ለምን ለሕፃን ጣት ጠንክሮ ለትልቅ ሰው ጣት እንደሚከፈት፣ ለምን ይህን ያህል ብቻ እንደተጋደመ። አንድም ያለ ምክንያት የገባ ጉብታ አልነበረም። የሆነ ሰው፣ እሱ የማያውቀው፣ እሱ በማያውቀው ክፍል ውስጥ ተቀምጦ፣ ሚጢጢ ሳትፀነስ ስለ ሚጢጢ አንገት አስቦ ነበር። ስሟን አያውቅም፣ አያያትም፣ አታመሰግነውም። ቢሆንም አስቧል። ምቾቴ በዕድሜው ብዙ ወንበር አይቷል፤ ወንበር ፊት ግን እንባ አውጥቶ አያውቅም።

«ማን ነው ይሄን የሠራው?» አለ።

«ብዙ ሰዎች ናቸው አባባ። እየሰበሩ እየሞከሩ።»

«የእነሱም አሻንጉሊት ፈስሷላ?»

«ፈስሷል» አለ አማቹ። «ስንት ጊዜ።»

ምቾቴ ራሱን ነቀነቀ። ሊነሳ ሲል መሬት የተጣለው ትራስ ላይ ዓይኑ አረፈ፤ እዚያው ቀረ። ልጁ ፊቱ ሲገረጣ አይታ «አባዬ? ምነው?» አለችው።

«ትራሶቹ» አለ። «የሰጠኋቸው ትራሶች።»

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ምቾቴ ግን ዓመታት ሙሉ ሳይቸኩል ያፈሰሰውን ነው ሊለቅም የወጣው። የልጆቹን ስም ባይዝም የጨርቁን ቀለም አይረሳም፦ ሰማያዊ ባለ መስመሩ የጡብ ነጋዴው ቤት ነው፣ ቢጫው የአስተማሪዋ። ዓይኑን በጨው አጥቦ በር አንኳኳ። የሰጡትን መልሶ መቀበል ነውር ነው፤ ለአንዳንዱ የተቸገረ መሰለው፣ ለአንዳንዱ የጃጀ። የጡብ ነጋዴው «እንካ፣ ባይሆን ስትሞት መልስልኝ» ብሎ ቀለደበት። አስተማሪዋ ግን ለምን ብላ ጠየቀች። ነገራት። በቆመችበት ደፍ ላይ ቁጭ አለች።

የመጨረሻዋ ፀጉር ሠሪዋ ነበረች። ሲደርስ መኪናዋን ጭና፣ ተኳኩላ፣ ወደ እናቷ አገር ልትወጣ ሞተር አስነስታለች። ሦስት ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ወንድ ልጇ ከኋላ፣ በአረንጓዴው ትራስ ላይ ተቀምጦ ብስኩት ያደቅቃል።

«ጋሼ! የሰጡኝን ሊቀሙኝ? ምን ነካዎት?» አለች ነገሩን ስትሰማ። «ልጄ ያለሱ አይተኛልኝም። ይልቅ መንገዱ ረጅም ነው፣ መርቀው ይሸኙኝ።»

«እመርቅሻለሁ። መጀመሪያ ግን፣ ቀበቶው ጠብቋል?»

«እንዴታ! እኔ ልጄን አላልቼ የማስር ሰው ነኝ?»

«እሺ። መቆለፊያውን ፍቺው፣ ትራሱን አውጪ። ከዚያ ቀበቶውን ሳትስቢ፣ እንደነበረው፣ መልሰሽ ቆልፊው።»

እያጉረመረመች አደረገችው። ምቾቴ ጎንበስ ብሎ በልጁ ደረትና በቀበቶው መሐል እጁን አስገባ። መዳፉ ገባ። ጨበጠው፤ ጡጫው ገባ። ልጁ የሚኮረኩሩት መስሎት ፍርፍር ብሎ ሳቀ።

ፀጉር ሠሪዋ ማጉረምረሟን አቆመች። ሞተሩን አጠፋች። «ይሄ ሁሉ ባዶ ነበር?»

«ባዶ ነበር። የሠራሁት እኔ ነኝ።»

አላለቀሰችም፣ አልሰደበችውም። ቀበቶውን በገዛ እጇ ሳበች፣ ደግማ ሳበች፣ ልጁ «እማ!» እስኪላት። ምቾቴ እንዴት ቆንጥጣ እንደምታየው አሳያት።

«ደንድኖ ይቆረቁረዋል ብዬ ነበር» አላት። «እንቁላል እንኳ ውስጡ ለስላሳ ስለሆነ ነው ቅርፊቱ የሚደነድነው። ይሄ ለእኔ መች ጠፋኝ?»

«ጋሼ፣ አሁን ይሂዱልኝ» አለች። «ኩል ተኩያለሁ። እርስዎ እዚህ ከቆሙ ሊበላሽብኝ ነው።» ትራሱን ግን ራሷ ታቅፋ አመጣችለት፤ ሲቀበላት እጁን ሳመችው።

የሥራ መጀመሪያው ቀን ጠዋት ደረሰ። ልጁ ለመሥሪያ ቤት ለብሳ፣ ሚጢጢን ይዛ ደጅ ወጣች። አባቷ መኪናዋን ወልውሎ ቆሟል። የመኪናዋ ቁልፍ ከዚያ ፈተና ወዲህ አማቹ ጋ ነበር፤ ራሱ ምቾቴ ነው «እኔ ዘንድ አይሁን» ብሎ የሰጠው። አማቹ ሌሊት አዳሪ ስለነበር ቁልፉን ለሚስቱ ትቶላታል። ምቾቴ ስለ ቁልፉ አልጠየቀም።

ሚጢጢን ወንበሯ ላይ አስቀመጣት። ወፍራሙን ሹራብ፣ እንደ ስፖንጁ እንዳይተኛ፣ አውልቆ፣ ቀበቶውን ከሰውነቷ አስጠግቶ፣ ሹራቡን ከላይ አለበሳት። ልጁ ከኋላው ቆማ እያየችው «አባዬ» አለች። «ያኔ ውሻው ሲገባብህ፣ እኔ የስንት ወር ልጅ ነበርኩ?»

እጁ ቀበቶው ላይ ቆመ።

«ሚጢጢን ታክይ ነበር።»

«እናቴ ክንዷ ምን ያህል ጠቁሮ ነበር?»

ያን ታሪክ ስንት ጊዜ ነግሮታል! ፍሬን በክንዷ ያዘች ሲል ስንት ገበታ ሰው አስቋል! ሚስቱ ራሷ አብራ ትስቅ ነበር፤ ግን አሁን ትዝ ሲለው፣ በሳቀች ቁጥር ያን ክንዷን በሌላው እጇ ትይዘው ነበር። ያን የምታደርግበትን ምክንያት ጠይቋት አያውቅም።

«ሙሉውን» አለ። «ከክርኗ እስከ ትከሻዋ። ሙሉውን።»

ልጁ ወንበሩን አየች፣ ሚጢጢን አየች። «በምን ተረፍኩ?» አለች በሹክሹክታ።

«አላውቅም። እናትሽና እግዜር ናቸው። እኔማ እየሳቅሁ ነበር።»

እንባው እየወረደ ጎንበስ ብሎ ሥራውን ጨረሰ። የትከሻዋን ቀበቶ ቆነጠጠ፤ ጣቱ ተንሸራተተ። የወንበሩን ጎን በአውራ ጣቱ ተጫነው፤ አልሰመጠም፣ ቅንጣት አልሰመጠም። ፊቱ ፈካ። ከዚያ ያን ጣት ከተወለደችበት ቀን ወዲህ ዳግም ያልደፈረው ቦታ፣ አናቷ ላይ፣ በቀስታ አሳረፈው። ትር ትር ይላል።

ልጁ ቁልፉን መዳፉ ውስጥ አስቀመጠችለት።

ቀስ ብሎ ነዳ። በመስታወቱ የሚታየው የግራጫው ወንበር ጀርባ ብቻ ነው፤ ሚጢጢ ለአያቷ ጀርባዋን ሰጥታለች። ውሻው የገባበት ኩርባ ላይ ሲደርስ ይበልጥ ቀነሰ። ውሻም ሰውም አልነበረም፤ መንገዱ ብቻ ነበር፣ ያው የድሮው። ከኋላው አንድ ባለታክሲ ክላክስ እየነፋ መጣና ጎኑ ሲደርስ አንገቱን አውጥቶ «ምቾቴ! በራስህ ወንበር እንቅልፍ ወሰደህ እንዴ?» አለው።

ምቾቴ በእጁ «እለፍ፣ እለፍ» አለው። ታክሲው ካለፈ በኋላ ከወንበሩ ጀርባ የሚጢጢ ትንፋሽ ተሰማው፤ አንዲት ትንሽ እግር ከጫፉ ብቅ ብላ ተመለሰች። በግራ እጁ የገዛ ክንዱን፣ ከክርኑ እስከ ትከሻው፣ ዳሰሰው። ከዚያ ሁለቱንም እጁን ወደ መሪው መለሰ።